ከየትም ቢያዩት ሰማያዊ

ሰው ክፉ ቀኑን አስቀድሞ የሚያውቅ ቢሆን ቢያንስ ፊቱን ታጥቦ ይጠብቀው ነበር። የቤት ዕቃ ማምረቻው ሰዎች «መስተዋት» እያሉ የሚጠሩት ቫርኒሽ ቀቢ ግን ያን ዕለት ጠዋት እስከ ቅንድቡ ሰጋቱራ ለብሶ፣ አንድ የቁም ሣጥን በር ላይ አጎንብሶ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ ነበር። መስተዋት ያሉት መልኩ አምሮ አይደለም። እሱ ቀብቶ የጨረሰው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ጢሙን የተላጨ ሰው አለ ይባላል። ውሸት ነው፤ ግን ደስ የሚል ውሸት ስለሆነ እስከ ዛሬ ማንም አላስተባበለውም።

«ልጄ፣ አለህልኝ?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ድምፁን አወቀው። የትልቁ ቤት እመቤት ናቸው። ያኔ የምግብ ጠረጴዛቸውን ከነወንበሮቹ ያደሰላቸው ጊዜ ወደውት፣ ከዚያ ወዲህ የሚያውቁትን ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሲልኩ የኖሩ ሴት ናቸው። እጁን በሽርጡ ጠርጎ፣ ፈገግ እያለ ቀና አለ። ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ከእመቤቲቱ ጀርባ ልጃቸው ቆማለች። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው፤ ሆዷ ደግሞ ገፍቷል።

«የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው» አሉ እመቤቲቱ፣ ደስታቸውን ሊደብቁ እንኳ ሳይሞክሩ። «አልጋውን ካንተ በቀር ማንም እንዲነካው አልፈልግም። ይቺ ግትር የተዘጋጀ እንግዛ ትለኛለች። አንተ እያለህልኝ? ጎትቼ ነው ያመጣኋት።»

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ» አለ መስተዋት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረና ከየት እንዳመጣው ራሱም ባላወቀው ድምፅ፣ «እርስዎም እንኳን ደስ አለዎት» አላት።

እርስዎ አላት። ስትስቅ አፍንጫዋ እንዴት እንደሚሸበሸብ የሚያውቅ ሰው፣ ብርድ ሲመታት እጇን የማን ኪስ ውስጥ ትከት እንደነበር የሚያውቅ ሰው፣ እርስዎ አላት። እሷም «አመሰግናለሁ» አለችው፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው። ዓይኗ ግን እሱን አልፎ ግድግዳው ላይ አረፈ። እዚያ፣ ከብሩሾቹ በላይ፣ የሻይ ትሪ የምታህል ጥቁር ሰሌዳ በቆዳ ማንጠልጠያ ሚስማር ላይ ተሰቅላለች። ሰሌዳዋን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። መስተዋትም ይህን አይቶ፣ ድኖ የጨረሰ የመሰለው ቁስል ገና ትኩስ እንደሆነ አወቀ።

እንግዲህ ስለዚህች ሰሌዳ ካላወራን ምንም አላወራንም።

ልጅቷ ተመራማሪ ናት። ሥራዋ ቀለም መሥራት ነው፤ ግን ያለ ቀለም። መስተዋት ይህን መጀመሪያ የሰማ ጊዜ የምትቀልድበት መስሎት ነበር። የቤታቸውን ጠረጴዛ ሲያድስ ሻይ ይዛለት መጣችና ብሩሹን እያየች፣ «ያንተ ቀለም ያረጃል፤ የኔ ግን አያረጅም» አለችው።

«የእርስዎ ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«ከምንም።»

«ከሆነስ እኔም ጋ ሞልቷል» ብሎ ኪሱን ገልብጦ አሳያት። አፍንጫዋ ሲሸበሸብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ሻዩ በየቀኑ መምጣት ጀመረ፤ ጠረጴዛውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሚገባው በላይ ቀን ወሰደ። እሱ እየፈተገ እሷ ታስረዳዋለች። ቀለሟ የሚሠራው ዓይን ከማያያቸው የፕላስቲክ ኳሶች ነው፤ ፀጉር አጠገባቸው ግንድ ነው። ኳሶቹ ራሳቸው ምንም ቀለም የላቸውም። ብርሃኑ በኳሶቹና በመካከላቸው ባለው ክፍተት ሲመላለስ ሰማያዊው ብቻ ተመርጦ ወደ ሰው ዓይን ይመለሳል። ኳሶቹ እንደ ወታደር ከተሰለፉ ቀለሙ እንደ ሳሙና አረፋ ነው፤ ራስህን ባዘነበልክ ቁጥር ይለዋወጣል። እሷ ይህን አትወድም። ሆን ብላ ታዘበራርቃቸዋለች፤ መሬት ላይ እንደተደፋ ምስር እንደፈለጋቸው ይቀመጣሉ። ያኔ ከቀኝም ከግራም፣ ከላይም ከታችም፣ ከየትም ቢያዩት ሰማያዊ ነው።

«እናቴ ክፍልሽን አስተካክይ እያለች አሳደገችኝ፤ እኔ ለዝብርቅርቅ ደመወዝ ይከፈለኛል» አለችው።

«ጥቁር ዱቄት የምትጨምሪበትስ ለምንድን ነው?» አላት ሌላ ቀን። በዚህ ጊዜ አንቺ ማለት ከጀመረ ሰንብቷል።

«ጥቁር ካልነካው ወተት ነው የሚመስለው። ወዲያ ወዲህ የሚባዝነውን ብርሃን ጥቁሩ ይውጠዋል፣ ሰማያዊው ይተርፋል።»

«ቀይስ ትሠሪያለሽ?»

«ቀይ እምቢ ብሎኛል። ኳሶቹን ባሳድጋቸውም ሰማያዊው ሾልኮ እየገባ ያበላሽብኛል። ቀይ እሰጥሃለሁ ብዬ አልዋሽህም። ያለኝ ሰማያዊ ነው።»

ሰው በምን ነገር እንደሚያዝ አይታወቅም። አንዱ በዓይን ይያዛል፣ አንዱ በአረማመድ። መስተዋት የተያዘው በዚህች ንግግር ነው። የሌላትን የማትሰጥ ሴት ናት፤ የሰጠችውን ደግሞ ከየትም ቢያዩት ያው ነው ብሎ አመነ።

አንድ ቀን ወደ ሥራ ክፍሏ ወስዳ ትንሽ ሰማያዊ ቁራጭ አሳየችው። ከጠርሙስ የአልኮል ጠብታ ጣል አደረገችበት። ሰማያዊው ጠፍቶ እርጥብ ጥቁር ብቻ ቀረ።

«ገደልሽው» አላት ደንግጦ።

«ጠብቅ።»

ጠበቁ። ክንዳቸው ተነካክቶ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ቁራጩ ላይ አጎንብሰው ቆዩ። ጠብታው ቀስ በቀስ ደረቀ፤ ሰማያዊውም ከዳር ወደ መሃል እየሮጠ ተመልሶ መጣ። «ክፍተቶቹ ሲሞሉ ይጠፋል» አለችው። «ሲደርቅ ይመለሳል።» መስተዋት ከዚህ ሁሉ ትምህርት «ሲደርቅ ይመለሳል» የምትለዋን ብቻ ይዞ ወጣ። ምን ይፈረድበታል፣ ሰው ከሚሰማው ውስጥ ደስ የሚለውን ነው የሚይዘው።

መስተዋት የጎደለው ፍቅር አልነበረም፤ ድፍረት ነበር። አባቷ ዳኛ ናቸው፤ ሲያስሉ እንኳ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወንድሟ አንድ ቀን ከጓደኛው ጋር ሲያወራ፣ መስተዋት በሩ ሥር መኖሩን እያወቀ፣ «ጣውላ ቫርኒሽ ቢቀባ ያው ጣውላ ነው» ብሏል። የገዛ እናቱም «ልጄ፣ የሰው ደጃፍ ላይ ጫማህን ስትጠርግ ልትኖር ነው?» ትለዋለች። ማታ ማታ በስልክ «ነገ አባትሽ ዘንድ እንሄዳለን» ይላታል። ጠዋት ይነሳና «ጥቂት ብንቆይ ምን ይመስልሻል?» ይላል። በዚህ መሃል የአባቷ ወዳጅ ልጅ የሆነ አንድ ሐኪም ቤቱን መመላለስ ጀመረ፤ የሱ ጫማ ደግሞ ከመጀመሪያውም ንጹሕ ነበር።

በመጨረሻ ሰለቻት።

«በስልክ እሺ ማለት ለማንም አይከብድም» አለችው፣ ፊቷ ሰማያዊ ጀርባዋ ጥቁር የሆነችውን ሰሌዳ ደረቷ ላይ ታቅፋ። «ከእንግዲህ ቃል አልፈልግም። ይቺን እንካ። ከልብህ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ደጃፍህ ላይ ስቀላት፤ እናትህም፣ ጎረቤትህም፣ መንገደኛውም ይያት። በአውቶቡስ አልፋለሁ። የትኛውም መስኮት ጋ ብቀመጥ ትታየኛለች፤ እንዲያ አድርጌ ነው የሠራኋት። ሰማያዊዋን ካየሁ እወርድና አብረን አባቴ ዘንድ እንሄዳለን። ካላየሁ ግን ለሐኪሙ እሺ እላለሁ፤ እኔም ሰው ነኝ፣ ደክሞኛል። እስከዚያ ስልኬን እዘጋለሁ። ድምፅህን ከሰማሁ እንደገና እሸነፋለሁ።»

ያን ሳምንት መስተዋት ሌላ ሰው ሆነ። ዓርብ ከሥራ ሲመለስ እናቱን አስቀምጦ «ነገ ምራት ትመጣልሻለች» አላቸው። እናቱ መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥሎ ተቆጡ፣ ከዚያ ተነሥተው ደጁን መጥረግ ጀመሩ። አባት ስለሌለው፣ ዳኛው ፊት ብቻውን እንዳይቆም፣ ጎህ ሳይቀድ ሄዶ አጎቱን ከጎረቤት ከተማ ሊያመጣ ወሰነ፤ ልጅቷ ቀድማው ከመጣችም እናቱ አስገብተው እንዲያቆዩለት ነገራቸው። ሰሌዳዋን ሊሰቅል ሲወጣ ሰማዩ ለዝናብ ጠቁሯል።

ሌላ ሰው ቢሆን ላስቲክ ያለብሳት ነበር። መስተዋት ግን ለሚወደው ነገር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ደግነት ነው፤ ቫርኒሽ። ለትልልቅ ሰዎች ዕቃ ብቻ የሚከፍተውን ጥርት ያለውን ቆርቆሮ ከፈተና በለስላሳ ብሩሽ፣ ፊት እንደሚዳብስ ሰው፣ ቀስ አድርጎ ቀባት። ብሩሹ ባለፈበት ሁሉ ሰማያዊው እየጠፋ ሄደ። አልደነገጠም፤ እንዲያውም የዚያን ቀን ድንጋጤውን አስታውሶ ብቻውን ሳቀ። ሲደርቅ ይመለሳል። ሰቀላትና ገብቶ ተኛ። ሲሄድ ገና ጨለማ ስለነበር አላያትም፤ መንገዱን ሙሉ ግን ሰማያዊ ሆና ታየችው።

አጎቱን ይዞ እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ ሰሌዳዋ ጥቁር ናት። በጣቱ ነካት፤ ደርቃለች። ደርቃለች፣ ግን አልተመለሰችም።

«አንዲት ቆንጆ ልጅ መጥታ ነበር» አሉት እናቱ። «ከማዶ ቆማ ብዙ ካየች በኋላ ተሻግራ ደጃፉ ድረስ መጣች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፣ ምን እንዳደረገች አላየሁም። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ስወጣ የለችም።»

አይ የሰው ልብ፣ ክፉውን ለማመን ሲቸኩል። ቀረበች፣ ጠብታዋን ጣል አደረገች፣ አጥፍታት ሄደች። ይህን ማድረግ የሚያውቅ ሌላ ማን አለ? ደጃፉን፣ ቤቱን፣ የናቱን ነጠላ ጫማ አይታ ነው፤ ጣውላ ያው ጣውላ ነው። ስልክ አልደወለም። መልሱን በገዛ ደጃፉ ላይ አንብቦ ምን ብሎ ይደውል? አጎቱን ምሳ አብልቶ ሸኛቸው። እምቢታዋንም ነቅሎ ወደ ሥራ ቦታው ወሰደና ከብሩሾቹ በላይ ሰቀለው፤ ሁለተኛ የማይገባው ነገር ባማረው ቁጥር እያየ ልኩን እንዲያውቅ።

ይኸው ዛሬ ደግሞ ቀኑ የሰሌዳዋን ባለቤት ራሷን አመጣበት።

እመቤቲቱ ከማምረቻው ባለቤት ጋር ጣውላ ሊመርጡ ወደ ግቢው ወጡ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። መጋዙ ከወዲያኛው ክፍል ይጮኻል። መስተዋት ወንበር ጠርጎ አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም።

«ለምን አስቀመጥካት?» አለችው።

«ምን ላድርጋት?»

«አቃጥላት ነዋ። የሰው ልብ ከሰበርክ በኋላ ግድግዳህ ላይ ሰቅለህ ታየዋለህ?»

«እኔ?» አለ መስተዋት። ድምፁ ያልጠበቀው ቦታ ላይ ተሰበረ። «እኔ ነኝ ልብ የሰበርኩት?»

«አልፈልግሽም ብትለኝ እኮ እችለው ነበር። ባትሰቅላትም እችለው ነበር፤ ፈራ እል ነበር። አንተ ግን ጀርባዋን አዙረህ ሰቀልካት። በገዛ እጄ በሠራሁት ነገር ጥቁር መልስ ሰጠኸኝ። ደጃፍህ ድረስ የመጣሁት ዓይኔን ባላምነው ነው። ቀርቤም ያው ጥቁር ነው። ከዚያ በኋላ እንባዬ ሌላ ነገር አላሳየኝም።»

«ጀርባዋን አላዞርኩም። ሰማያዊ ፊቷን ነው የሰቀልኩት።»

«እባክህ፣ አሁን ምን ያደርግልሃል?»

«በእናቴ እምላለሁ። አንቺ ነሽ መጥተሽ ያጠፋሻት። እናቴ አይታሻለች። እንደዚያን ቀን ጠብታሽን ጣል አድርገሽባት ሄድሽ።»

«ጠብታ?» አለች። «ጠብታ ቢሆን ይደርቅ አልነበር? ሲደርቅ ይመለሳል ብዬ በዓይንህ አላሳየሁህም?»

«ደርቆ ነበር እኮ። በእጄ ነክቼዋለሁ፣ እንደ አጥንት ደርቆ ነበር። ለዚያ ነው…»

ዓይኑ ወደ ሰሌዳዋ ዞረ። መጋዙም ያን ጊዜ፣ የሚያዳምጥ ይመስል፣ ቆመ።

ሄዳ ሰሌዳዋን ከሚስማሩ አወረደቻት። ወደ መስኮቱ ይዛት ቀረበችና ለብርሃኑ ዘንበል አደረገቻት። ሰሌዳዋ አበራች። የራሷን ፊት ከነእንባው ቁልጭ አድርጋ አሳየቻት፤ መስተዋት መባል እንዲያው አልመጣም።

«ምን ቀባሃት?» አለች በጣም ቀስ ብላ።

«ዝናብ ሊመጣ ነበር» አለ። «እንዳትበላሽ ብዬ ነው።»

ሳቀች ልበል አለቀሰች? ሁለቱም አንድ ላይ መጥተው ጉሮሮዋ ላይ ተጣሉ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «አንተ ሰው» አለች። «አልኮል ሲደርቅ ተንኖ ይሄዳል። ውሃም ይሄዳል። ቫርኒሽ ግን ሲደርቅ የትም አይሄድም። ያለበት ቦታ ይቀመጣል።»

«ይህንንማ ከማንም በላይ አውቃለሁ» አለ መስተዋት። «እንጀራዬ አይደል? እንዳይሄድ ነው የምቀባው። ያን ዕለት ግን ያንቺን ቃል ብቻ ነበር የማስበው።»

«ክፍተቶቹን ሁሉ ሞላሃቸው።»

«ይነሳል?»

ይህን ሲጠይቃት እንደ ልጅ ነበር ያያት። እሷም ውሸት ፍለጋ ሄዳ ባዶ እጇን የተመለሰች ትመስላለች።

«ቫርኒሹን የሚያቀልጠው ኳሶቹንም ያቀልጣቸዋል» አለችው። «አይነሳም።»

ከዚያ ጣቷ፣ ልምድ ሆኖባት፣ የሰሌዳዋን ጠርዝ ሲዳብስ የቆዳ ማንጠልጠያው የተለጠፈበት ጥግ ላይ ደረሰ። የቆዳውን ጫፍ በጥፍሯ ገለጥ አደረገችው። ብሩሹ ያልደረሰበት፣ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ከሥሩ ወጣች። ሰማያዊ ናት። ወደ ቀኝ አዘነበለቻት፣ ወደ ግራ አዘነበለቻት። ሰማያዊ ናት። ያን ቅዳሜ ጠዋት ደጃፉ ላይ ተሰቅላ የነበረችው፣ ከመንገድ ማዶ ያላየቻት፣ ከቆዳው ሥር ሆና ስትጠብቃት የከረመችው ይህቺ ናት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ፤ እውነቱ ይኸው መጣ፣ ሁሉ ካለፈ በኋላ።

«ያን ዕለት ማታ ስልኬን ከፈትኩ» አለች፣ ዓይኗን ከሰማያዊዋ ሳትነቅል። «ከደወለ ይቅር እለዋለሁ ብዬ። ይዤው እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«እኔም ይዤው ነበር» አለ መስተዋት።

«አንዴ ብቻ ብትደውል።»

«አንዴ ብቻ በሩን ብታንኳኪ።»

ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ምንም አይጠቅምም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። መስተዋት አጠገቧ ተንበርክኮ እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ ጥፍሩ ሥር ያለውን ቫርኒሽ አይቶ መልሶ ሰበሰበው። እሷም መሰብሰቡን አይታ አንገቷን ደፋች። ያኔ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ተንቀሳቀሰ መሰለኝ፣ መዳፏን ቶሎ ብላ እዚያ ላይ አሳረፈችው።

«እሱ ክፉ ሰው አይደለም» አለች። «ማታ ቆሜ ስሠራ እግሬ እንዳያብጥ ከሥሬ መከዳ ይዞ የሚዞር ሰው ነው። ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ።»

«እግዜር ያክብረው» አለ መስተዋት፣ ከልቡ። ከልቡ መሆኑ ነው ያመመው።

«ምን መረጣችሁ?» እያሉ እመቤቲቱ ተመልሰው ገቡ። «እኔ እንደሆነ ፊት የሚያሳይ ዓይነት እንዲሆን ነው የምፈልገው። ያችን ጠረጴዛችንን እንዳደረግካት።»

ልጅቷ ተነሣች። ፊቷን ጠራርጋለች። «አልጋው ምንም እንዳይቀባ፣ እማ።»

«ምን ማለትሽ ነው? እንዲሁ ጥሬ እንጨት?»

«እንዲሁ ይሁን። በደንብ ለስልሶ ይምጣ፤ ግን ምንም አይነካው።»

«አልጋ ሲሏት አመድ» አሉ እናት፣ ወደ መስተዋት ዞረው። «እስኪ አንተ ንገራት፣ ልጄ።»

«እንጨቱ መተንፈስ ይችላል፣ እትዬ» አለ መስተዋት። «ለልጅም ደግ ነው።» በሙያ ዘመኑ ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

«ይህቺስ ጥቁር ነገር ምንድን ናት የያዝሻት?»

«የኔ ሥራ ናት። ለሙከራ ሰጥቻቸው ነበር፤ ልወስዳት ነው።» ከዚያ ወደ እሱ ሳትዞር፣ «ይፈቅዱልኛል?» አለችው።

«የእርስዎ ናት» አለ መስተዋት። እመቤቲቱ እጇን ይዘው ወጡ። እሱም የቁም ሣጥኑን በር እንደገና ይፈትግ ጀመር፤ የፈተገውን ቦታ መልሶ መላልሶ፣ የማምረቻው ባለቤት መጥቶ «ኧረ በሳኸው» እስኪለው ድረስ።

እንደ ልጁ አልጋ ለስልሶ የወጣ እንጨት ሠርቶ አያውቅም። ሌላ ጊዜ የብርጭቆ ወረቀቱ ያልደረሰበትን ቫርኒሹ ይሸፍንለታል፤ አሁን የሚሸፍንለት የለም። እያንዳንዱን ዘንግ ፈተገው፣ በጨርቅ ወለወለው፣ በጉንጩ እየነካ ፈተሸው። የሥራ ባልደረቦቹ «መስተዋት ልጅ ሊወልድ ነው እንዴ?» እያሉ ቀለዱበት። አልሳቀም፣ አልተቆጣምም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ፍተጋውን ቀጠለ።

ሊያደርስ የሄደ ዕለት በሩን የከፈተለት ባሏ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኑ ሥር የድካም ጥላ ያለበት ሐኪም ነው። «ብቻህን ተሸክመኸው?» ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ባንድ ወገን ያዘለት። መስተዋት እጅግ ሊጠላው ፈልጎ ነበር የመጣው። ደረጃውን ሲወጡ ግን ሐኪሙ የኋላውን፣ ከባዱን ጫፍ ይዞ ነበር።

ክፍሉ አዲስ ኖራ ይሸታል። መስተዋት አልጋውን መግጠም ጀመረ። ቀና ሲል አያት። አልጋው ከሚቆምበት በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሰሌዳዋ በቆዳ ማንጠልጠያዋ ተሰቅላለች። ጥግ ላይ ያለው ቆዳ ተመልሶ ተለጥፏል።

«እሷን እያየሃት ነው?» አለ ሐኪሙ እየሳቀ። «እስኪ አንተ ፍረደን። የቀለም ሰው ነህ። ለሕፃን ክፍል ጥቁር ነገር ምን ያደርጋል ብላት፣ ጥቁር አይደለችም፣ ሰማያዊ ናት ብላ ሞገተችኝ። ያንን ቀይ ቀለሟን ስታሳድድ ዓይኗ ደክሞ ነው እላለሁ። ከቀኝ አየኋት፣ ከግራ አየኋት። እኔ እውር ነኝ ወይስ እሷ?»

መስተዋት ሊመልስ ሲል በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። እሷ ናት። የበሩን ፍሬም ይዛ ቆማለች፤ ሰምታለች። አላያትም፤ ግን እዚያ መሆኗን በጀርባው በኩል አወቀ። ሰማያዊ ናት ቢል አንድ ጊዜ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ ያን ቅዳሜ ያልሰማችውን እሺታ በሰው ፊት ይሰጣታል። ከየት አወቅክ የሚል ጥያቄ ደግሞ ይከተላል፤ ጥያቄው ከሷ ጋር በዚህ ቤት ይቀራል፣ እሱ በደረጃው ወርዶ ይሄዳል። ሐኪሙ በደግ ፊቱ መልሱን ይጠብቃል።

መስተዋት መፍቻውን አስቀምጦ ተነሣ። ሰሌዳዋን ከቀኝ አያት። ሄዶ ከግራ አያት። ቆዳው ሥር ያለችው ከዓይኑ አልተሰወረችም።

«ጥቁር ናት፣ ዶክተር» አለ። «ከየትም ቢያዩዋት ጥቁር ናት።»

«ይኸው» አለ ሐኪሙ፣ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «አላልኩሽም? ባለሙያው ፈረደ።»

«እንግዲያው ተሳስቼ ነው» አለች እሷ።

መስተዋት የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ፣ አልጋውን በእጁ ነቅነቅ አደረገው፤ አልተነቃነቀም። ዕቃውን በከረጢቱ ሰብስቦ በሩ ላይ ሲደርስ መንገድ ለቀቀችለት። ለአፍታ እጇን አልጋው ወደ ቆመበት አቅጣጫ አነሣች፤ ለስላሳነቱን አይታለታለች።

«እግዜር ይስጥልን» አለችው። ከዚያ ዓይኑን አይታ፣ ቀስ ብላ፣ «ደህና ይሁኑ» አለች።

አውቶቡሱ ሲመጣ መስኮት ጋ ያለ ቦታ ክፍት ነበር። መስተዋት አልተቀመጠበትም። እንደ ቆመ፣ ዘንጉን ይዞ፣ እግሩን እያየ ሄደ።